የነፍስ አባት አፍ

ባሌ ቄስ ነው። የቄስ ሚስት መሆን ጥቅም አለው። ቄስ ሚስቱ ብትሞትበት ሌላ ማግባት ስለማይችል፣ ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር ከእኔ ይልቅ እሱ ይደነግጣል። ጋቢውን አውልቆ ይደርብልኛል፣ ማር ያለበትን ቤት ሁሉ ያስሳል፣ ግንባሬ ላይ መስቀሉን እየደጋገመ ያሳርፋል። ፍቅር ነው ይላል። ይሁን፣ እኔም ፍቅር ነው ብዬ ተቀብያለሁ።

ሰው ፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ ጓዳ ስንገባ «አንተ» ነው፣ ያውም ረገጥ ተደርጎ። እዚህም እንደ ጓዳዬ ቆጥሬ ስለምጽፍ፣ ለካህን እንዲህ ይባላል ወይ ብሎ የሚቀየመኝ ቢኖር ከወዲሁ ይቅር ይበለኝ። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልወድም። የባሌ አፍ ይሸት ነበር።

ይሸት ነበር ስል ከእንቅልፍ ስንነሳ የሁላችንም አፍ ላይ የምትገኘውን ጠረን ማለቴ አይደለም። እሷማ የማን ቤት የለችም። የእሱ ሌላ ነበር። ገና በረቱ ጋ ሆኖ «እንዴት አመሻችሁ» ሲል፣ ከሰላምታው ቀድሞ ሽታው እቤት ይገባል። በዚያ ላይ የመንዝን ብርድ የሚያባርረው ነጭ ሽንኩርት ብቻ ነው ብሎ ስለሚያምን በየማታው ጥሬውን ይቆረጥመዋል። ብርዱ እንደሆነ ሄዶ አያውቅም፤ የሚሄደው ሰው ነው።

ገበሬ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ከበሬዎቹ ጋር ይውላል፣ በሬ ለሰው ትንፋሽ ግድ የለውም። ባሌ ግን የነፍስ አባት ነው፣ የነፍስ አባት ሥራ ደግሞ አፍና ጆሮ ካልተቀራረቡ አይሆንም። የንስሐ ልጆቹ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ወይም እኛ ግቢ መጥተው ጎኑ ይቀመጣሉ። ነጠላቸውን ተከናንበው ኃጢአታቸውን በሹክሹክታ ይነግሩታል። እሱም ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው ይመክራል፣ ይገሥጻል፣ ቀኖና ይሰጣል፤ ቀኖና ማለት ለበደላቸው የሚያዝባቸው ጾምና ስግደት ነው። በመጨረሻ ጸሎቱን ይደግምና ፊታቸው ላይ «እፍ» የማለት ልማድ አለው። ያቺ «እፍ» ልትመጣ ስትል ሰዎቹ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ ፊታቸው ጭምድድ ይላል። እሱ ታዲያ እራት ላይ፣ ዛሬ እንዴት ተመስጠው እንደነበር ያወራልኛል። እኔ ዝም ብዬ ወጡን አማስላለሁ።

እየቆየ ሰው መራቅ ጀመረ። በእኛ አገር የነፍስ አባት መቀየር ቀላል ነገር አይደለም፤ ብዙው ቤት ከአባቱ የወረሰውን ይዞ ነው የሚኖር። መጀመሪያ የሄደችው አጥር የምትጋራን ባልቴት ናት። ይህች ሴትዮ ፊት ለፊት ተናጋሪ ናት፤ የቀበሌ ሊቀመንበርም ቢሆን የመሰላትን ሳትነግረው አታልፍም። ለባሌ ግን ምክንያት ፈጠረችለት። ወደ ሽማግሌው ቄስ የዞርኩት ቤታቸው ስለሚቀርበኝ ነው አለችው። የሽማግሌው ቤት ገደል ተሻግሮ ነው። የእሷና የእኛ ዶሮዎች ግን የማን የማን እንደሆኑ እንኳ አይለዩም።

ሽማግሌው ቄስ የደብራችን አንጋፋ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ችግራቸው ጆሯቸው አይሰማም። እሳቸው ዘንድ የሚናዘዝ ሰው ኃጢአቱን መጮህ አለበት። አንድ ቀን ውኃ ልቀዳ ወርጄ፣ አንዱ ጎልማሳ የወንድሙን ድንበር እንዴት አድርጎ እንደገፋ ከማዶ ሆኜ አንድ በአንድ ሰማሁት። ይህ ሰው ትናንት የባሌ የንስሐ ልጅ ነበር። ልብ በሉ፣ ከባሌ አጠገብ ከመቀመጥ ገመናውን ለወንዝ ማዶ ማሰማት መርጧል። ወይ ጉድ ብዬ ጀሪካኔን አዝዬ ተመለስኩ።

ባሌ ነገሩን በራሱ መንገድ መረመረው። ቀኖና አብዝቼባቸው ነው አለ። ለአንድ ስድብ ሳምንት ሙሉ ያስጾም የነበረ ሰው «ሁለተኛ እንዳይለምድህ» ብሎ መሸኘት ጀመረ። ያችኑ ቀላል ቀኖና ይዘው የሄዱት ሰዎች በሚቀጥለው ጊዜ አልተመለሱም። ያን ጊዜ ጥፋቱን ወደ ራሱ አዞረው። እግዚአብሔር አንድ ነገር ቢያይብኝ ነው ብሎ ከሕጉ በላይ መጾም ያዘ። ከማለዳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ይቅርና ውኃ በአፉ አይዞርም። አፉ ይደርቃል፤ አፉ ሲደርቅ ሽታው ይብሳል፤ ሽታው ሲብስ ሰው ይሸሻል፤ ሰው ሲሸሽ እሱ ጾሙን ይጨምራል። እኔ መሐል ቆሜ አያለሁ።

ለምን አልነገርሽውም እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ምላሴ ስለት ነው እየተባልኩ ያደግሁ ሴት ነኝ፣ ይቺን ግን መናገር አቃተኝ። ሥጋ ወደሙን የሚቀበል አፍ ነው እኮ። እንዴት ተደርጎ፣ በየት በኩል ይጀመራል። ስለዚህ በዘዴ ልሞክር አልኩ። ለጉሮሮህ ጥሩ ነው ብዬ ቅርንፉድ ሰጠሁት፤ አመስግኖ ኪሱ ከተተና ማታ፣ ለሻይሽ ይሁንሽ ብሎ መለሰልኝ። ጤና አዳም እየቀጠፍኩ ብሰጠው ጆሮው ላይ ሰክቶት ይውላል። በስተመጨረሻ መሐል ሜዳ ከተማ ወርጄ የጥርስ ብሩሽና ሳሙና ገዛሁና ከጸሎት መጽሐፉ አጠገብ አስቀመጥኩለት። ከእንግዲህ ካልገባው ምን ይደረጋል አልኩ። አመሻሹ ላይ ከእርሻ ስመለስ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የነሐስ መስቀሉን በዚያ ብሩሽና በዚያ ሳሙና እየፈተገ አገኘሁት። እንዲህ ያለ ጥሩ ነገር ከየት አመጣሽልኝ ብሎ መረቀኝ። መስቀሉ እንደዚያ አብርቶ አያውቅም። ከጎረቤት ደብር ሳይቀር ቄሶች መጥተው ምን ብትቀቡት ነው እያሉ ጠየቁን። መስቀሉ ጸዳ፣ ጥርሱ እንደነበረ ነው።

በዚህ መሐል ነው አንድ ሐሙስ እራት ላይ ነገሩ የከፋው። እንጀራውን ቆርሶ ይዞ ሳይጎርሰው ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምእመናኑ ፊት ቆሞ የቀሩትን የንስሐ ልጆቹን ለሽማግሌው ቄስ እንደሚያስረክብ ነገረኝ። ጸጋው ተነስቶብኛል፣ ጸጋ የሌለው ሰው ነፍስ አይጠብቅም አለ። ይህ ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በየአብነት ትምህርት ቤቱ ቁራሽ እየለመነ፣ ደበሎ ለብሶ የተማረው ለዚህ ነው። አንጀቴን በላው። ደሜም ፈላ፤ በእሱም በጎረቤቶቼም በራሴም። አንድ ሰው እውነቱን የሚነግረው አጥቶ ዕድሜ ልኩን የደከመበትን ሊጥል ነው። የቀረኝ ዓርብና ቅዳሜ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠቦት ለመሸጥ አብረን መሐል ሜዳ ገበያ ሄድን። ስንመለስ ወደ ጓሳ በሚያወጣው ዳገት ነፋሱ ይገርፈናል። እኔ እንደ ልማዴ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ሆኜ ነው የምሄደው፤ እሱ ታዲያ ነፋሱን እየከለለችልኝ ነው ብሎ ያዝንልኛል። ያ ማዘኑ ነው መሰለኝ አፌን ያስከፈተኝ።

«አንድ ነገር ልነግርህ ነው» አልኩት። «ጸጋህ የትም አልሄደም። አፍህ ይሸታል።»

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ቆሞ አየኝ፤ እኔ እንዳልሳቅሁ ሲያይ የጋቢውን ጫፍ ቀስ አድርጎ አፉ ላይ አደረገው። ያቺን እጅ ሳይ ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ። ሰዉ ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ ያውቃል አልኩት። ሁሉም ወይ አለ፣ ሁሉም አልኩት። ጥቂት ሄድንና እንደገና ቆመ።

«አንቺስ እንዴት ቻልሽው?»

«ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነዋ» አልኩት። ለቀልድ ነበር ያሰብኩት።

ዳገቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንወጣ በራሱ ጊዜ መናገር ጀመረ። የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም ነው። ሊቀድስ በተዘጋጀበት ማለዳ ጥርሱን በወይራ መፋቂያ ሲፍቅ ደም አየ። ደም የፈሰሰው ካህን ደግሞ በዚያ ቀን መቅደስ አይገባም። ሆዴን አሞኛል ብሎ ለሌላ ቄስ ተራውን ሰጠና ውጭ ቆሞ አስቀደሰ። በሌላው ሳምንትም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው መፋቂያውን ወርውሮ ጣለው። ካልነካሁት አይደማም ብሎ አሰበ፤ እውነትም ሳይነካው ሲቀር ደሙን አላየም። ከዚያ ወዲህ ጥርሱን በጣቱ እንኳ ነክቶት አያውቅም።

«ለአፌ ብዬ መቅደሱን ልተው?» አለኝ።

እኔ እኮ ስንፍና መስሎኝ ነበር። ስንት ቀን በሆዴ አንተ ሰነፍ፣ አንተ ዝርክርክ እያልኩ ወጡን አማስያለሁ። ለካ ሰውዬው እንደ ጥፋት የደበቀው ደም ነው። ሰኞ ሐኪም ቤት እንሄዳለን ብቻ አልኩት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ሲበተን አየሁት፤ ምእመናኑ ፊት አልቆመም።

የጥርስ ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። በዕድሜ ልጁ ትሆናለች። ኃጢአት ሲሰማ የኖረ ሰው በተራው አፍዎን ይክፈቱ ሲባል እንዴት እንዳፈረ ባያችሁ። ጋቢውን ከአፉ እስኪያወርድ ስንት ጊዜ «አባ፣ አይዞዎት» እንዳለችው። አየችውና ምንም አልመሰላት፤ ስንት ዓይነት አፍ አይታለች። ድድዎ የሚደማው ስለነኩት አይደለም፣ ስላልነኩት ነው አለችው። ጥርሱ ሥር ያደረው ቆሻሻ ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል፣ ድዱን ያሳበጠውም ያደማውም እሱ ነው፣ ሽታውም ከዚያው ነው። ያንን ድንጋይ በመሣሪያዋ ፈቅፍቃ አወጣችው። ባሌ ደሙን ባየ ቁጥር ያማትባል፣ እሷ ትስቃለች።

ስትሸኘን ሁሉንም ለእኔ ደግማ ነገረችኝ፤ ወንዶች ይረሳሉ ብላ ነው። ለስላሳ ብሩሽ ይሁን፣ ጠዋትና ከመኝታ በፊት፣ ቀስ ተብሎ፣ ምላሱም ጭምር። ወይራውም ክፉ አይደለም፣ ጫፉን አኝኮ ካለሰለሰውና ድዱን ካልወጋበት። ጾም ባልሆነ ሰዓት ውኃ ይጠጣ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይደማል፤ ደማ ተብሎ እንዳይተው፣ እየጸዳ ሲሄድ ይቆማል፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ተመልሶ ይምጣ። ባሌ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ ልጄ የምቀድስ ዕለትስ እንዴት ልሁን ብሎ ጠየቃት። እሱንስ አባ የእርስዎ ሰዎች ያውቃሉ አለችው።

የእሱ ሰው ማለት እንግዲህ ሽማግሌው ቄስ ናቸው። ረቡዕ ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥዱ ሥር አገኘናቸው። ጸሎት አድርሶ የተቀመጠ ሰው ሞልቷል፣ ባልቴቲቱም አለች። ባሌ ጆሯቸው ሥር ሄዶ አንሾካሾከ። «ምን?» አሉ። ትንሽ ከፍ አደረገ። «ምን ልታደርግ?» አሉ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በመጨረሻ ሰውዬው ተስፋ ቆርጦ፣ ያን የቅዳሴ ድምፁን ለቀቀው።

«ጥርሴን ልፋቅ ወይ ነው የምልዎት!»

ጥዱ ላይ የነበሩት ወፎች ተነሱ። ሽማግሌው እንደ ማንኛውም ጆሮው እንደማይሰማ ሰው ጮክ ብለው ነው የሚናገሩት፤ «ታዲያ ማን ከለከለህ?» አሉት። ቀጥለውም ደንቡን ነገሩት። ከመቀደስህ በፊት ያለው ማታ ያንተ ነው፣ አጽድተህ ተኛ፤ በዚያ ጠዋት ምንም አትንካ፣ ከቅዳሴ ስትወጣ እንደገና አጽዳ። ደሙ እስኪቆም ድረስ ተራህን እኔ እቆምልሃለሁ። ይህን ሁሉ ካሉ በኋላ እጁን ያዝ አድርገው፣

«ልጄ፣ የደነቆረው ጆሮዬ ነው። አፍንጫዬ ደኅና ነው» አሉት።

አንዱ ጥግ ላይ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። እኔም ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ነው የወጣሁት።

ከዚያ በኋላ በየማለዳው ግቢያችን ጥግ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቁጢጥ ይላል። ይቦርሻል፣ ይተፋል፣ የተፋውን ጎንበስ ብሎ ይመረምራል። ቀይ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ፊቱ አይፈታም። ሐኪሟ እንዳለችው እየቀነሰ እየቀነሰ ሄደ። አንድ ጠዋት «ነይ እይ» ብሎ ጠራኝ። ሊጥ በእጄ እንደያዝኩ ሮጥኩ። ምራቁ እንደ ውኃ ንጹሕ ነበር። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እልል አልኩ። ባልቴቲቱ ከአጥሩ ማዶ ላሟ ወለደች እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? አዎ ወልዳለች አልኳት።

ነጭ ሽንኩርቱንም ወጥ ውስጥ ብቻ ይግባ ብዬ አዋጅ አወጣሁ፤ ሽታው ጠፋ፣ ባሌም ወደ ተራው ተመለሰ። ችግሩ አሁን ሰውዬው ራሱ ሆነ። አፉን በጋቢ ሸፍኖ ነው የሚውለው። የቀሩት ጥቂት የንስሐ ልጆቹ ሲመጡ በርጩማውን ወደ ኋላ ይስባል። እነሱ ሲጠጉ እሱ ይርቃል። ያችን «እፍ» እንኳ ፊቱን ወደ ሰማይ አዙሮ ለጓሳ ነፋስ ይልካታል። ምክሩ በጋቢው ታፍኖ የሚሰማ አይደለም። አንዲት የንስሐ ልጁ፣ አባ ኃጢአቴን ተጸይፈውት ነው ወይ ብላ እያለቀሰች ጠየቀችኝ። ያን ማታ ተጣላን። ሽታው የለም፣ ሄዷል አልኩት። አንቺ ሚስቴ ነሽ፣ ለእኔ ብለሽ ነው አለኝ። እኔ የምለው ሁሉ ለእሱ ማስተዛዘኛ ሆነ። ቅስሙ የተሰበረው በሰው ፊት ነውና በእኔ ቃል አልጠገን አለ። ደግሞ ያንኑ የማስረከቡን ነገር ማንሳት ጀመረ።

እንዲህ ባለበት አንድ ከሰዓት በኋላ ባልቴቲቱ በአጥሩ ቀዳዳ ሳይሆን በዋናው በር ዞራ መጣች። ነጭ ነጠላዋን አጣፍታለች። ከምራቷ ጋር እንደተጣሉ እኔም አገሩም እናውቃለን፤ ዝርዝሩን ግን የሚያውቅ የለም፣ እንዲታወቅባትም አትፈልግም። እኔ ደጃፍ ላይ ገብስ እየለቀምኩ ነበር። ምንም ምክንያት አላቀረበችም፣ ይቅርታም አላለችም። በርጩማ አንስታ ከባሌ ፊት ተቀመጠች። እሱ በርጩማውን ወደ ኋላ ሳበ፣ ጋቢውንም ከፍ አደረገ።

የሰው ኑዛዜ አይሰማምና ሰፌዴን ይዤ ልገባ ተነሳሁ። በሩ ጋ ሳልደርስ ድምፅዋን ሰማሁት።

«አባቴ፣ ጠጋ ይበሉ።»

እሱ አልተንቀሳቀሰም። እዚህም ይሰማኛል ዓይነት ነገር በጋቢው ውስጥ አጉረመረመ።

«ኧረ ጠጋ ይበሉ፤ እኔ ልጮህ አልመጣሁም» አለችው።

አሁንም ሳይጠጋ ሲቀር ተነሳች፤ በርጩማዋን ጎትታ አጠገቡ፣ ጉልበታቸው ሊነካካ እስኪደርስ አመጣችውና ተቀመጠች። ባሌ እኔን አየኝ። እኔ በሩ ላይ ሰፌዴን አቅፌ ቆሜያለሁ። ከዚያ ጋቢውን ከአፉ ላይ ቀስ አድርጎ አወረደው። ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ነገራት። እኔ ፊቷን ነው የማየው። ያች ለሊቀመንበሩ እንኳ የማትመለስ ሴትዮ ፊቷን አላዞረችም፣ ዐይኗንም አልጨፈነችም። ነጠላዋን ራሷ ላይ ሳብ አድርጋ ግንባሯን ወደ እሱ አስጠጋችና በሹክሹክታ መናገር ጀመረች።

እንባዬ መጣ። ደስ ብሎኝ ነው የማለቅስ። አልዋሽም፣ ጆሮዬንም ጥዬ ነበር። አንድም ቃል አልሰማሁም።